ጥርጥር በዳዊት መጽሐፍ ፊት፦ ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብን እንደገና ለማንበብ

ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ በሚል ስም የሚታወቀውን የግእዝ ድርሰት ያህል በኢትዮጵያ ጥናት ውስጥ ክርክር ያስነሣ መጽሐፍ ጥቂት ነው። ክርክሩ ግን ከመቶ ዓመት በላይ በሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ ሲመላለስ ቆይቷል። አንደኛው «መጽሐፉን የጻፈው ማን ነው?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ይህ ፍልስፍና ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ይሁን እንጂ በእነርሱ ስንከራከር ምናልባት ከሁለቱም የሚቀድም አንድ ጥያቄ ሳይነሣ ቀርቷል፤ ይኸውም በመጽሐፉ ውስጥ የሚናገረው ሰው የሚጠራጠረው ምንን ነው፣ የሚጠራጠረውስ በማን ፊት ነው የሚለው ነው። የሐተታው ጥርጥር ከክርስትና ውጭ ተወልዶ በክርስትና ላይ የዘመተ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ባስተማረችው የጸሎትና የትርጓሜ ልማድ ውስጥ የበቀለ ነው፤ የጎደለውም በእግዚአብሔር መታመን ሳይሆን በይፋ የሚነገርበት ስፍራ ነው። ይህን እያልኩ ግን ሐተታውን ከሚገባው በላይ ደፋር አድርጎ የማወደስ ልማዳችንንም ሳልነካው አላልፍም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ስለ ቃላቱ ጥቂት ማለት ይገባል። «አመነ» ማለት በመጀመሪያ አንድን ዐረፍተ ነገር እውነት ነው ብሎ መቀበል አይደለም፤ መታመን፣ መደገፍ፣ ራስን ለሌላ አደራ መስጠት ነው። «አሜን» የምንለው ከዚሁ ሥር ነው፤ «ሃይማኖት» የሚለውም ቃል ከአራማይስጥ ወደ ግእዝ የገባ ቢሆንም የበቀለው ከዚያው ሥር ነው። ተከሳሽ በዳኛ ፊት «አመነ» ሲባል ደግሞ የሠራውን አልሸሸገም ማለት ነው። በዚህ ትይዩ የቆመው የግእዝ ቃል «ናፈቀ» ነው፤ ትርጉሙም ለሁለት መከፈል፣ ማመንታት፣ መጠራጠር ነው። «መንፈቀ ሌሊት» ስንል እንደምንሰማው፣ «መንፈቅ» እኩሌታ ማለት ነው። «ኑፋቄ»ና «መናፍቅ» የወጡት ከዚህ ነው። እንግዲህ ልቡ ለሁለት የተከፈለውም ሰው፣ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተለየውም ሰው በአንድ ቃል ይጠራሉ። ይህ መደራረብ ቀላል ነገር አይደለም። የሚያመነታና የሚክድ አንድ ስም ሲሰጣቸው፣ ለሚያመነታው ሰው የሚቀሩለት ሁለት መንገዶች ብቻ ናቸው፤ ዝም ማለት፣ አለዚያም መውጣት። (በአማርኛ ይኸው ቃል የራቀውን መሻት ማለት እንደሆነ ለስደተኛ አንባቢ ማስታወስ አያስፈልግም፤ የሁለቱን ዝምድና ለሥነ ልሳን ሊቃውንት እተዋለሁ።)

የሐተታው ታሪክ ለአብዛኛው አንባቢ የታወቀ ስለሆነ ባጭሩ ላንሣው። ዘርዐ ያዕቆብ፣ በሌላ ስሙ ወርቄ፣ በአክሱም አጠገብ ከድኃ ገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ዳዊት ደገመ፣ ዜማ ጀመረ፣ ቅኔ ተማረ፣ በመጨረሻም ትርጓሜ መጻሕፍት ዐውቆ በአክሱም አራት ዓመት አስተማረ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ከተቀበሉ፣ በ1625ም ፓትርያርኩ አልፎንሶ ሜንዴዝ ከገቡ በኋላ በሀገሩ ላይ የሃይማኖት ስደት ሆነ። ወርቄም በንጉሡ ዘንድ በጠላት ተከሰሰ፤ ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ብቻ ይዞ ሸሸ። በተከዜ አካባቢ በአንድ ዋሻ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። በ1632 ዐፄ ፋሲለደስ ሲነግሡና የቀድሞው ሃይማኖት ሲመለስ በእንፍራዝ በሀብቱ ቤት ጸሓፊና መምህር ሆኖ ኖረ፤ ሒሩት የምትባለውን የቤቱን አገልጋይ አገባ። በ1667 በደቀ መዝሙሩ በወልደ ሕይወት ለማኝነት ሐተታውን ጻፈ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሐያስያን ቸል ያሉት ነገር ያ የዳዊት መጽሐፍ ነው። ዳዊት በኛ ሀገር መጽሐፍ ብቻ አይደለም። ልጅ ፊደል ከቆጠረ በኋላ ንባብ የሚለምድበት፣ ሽማግሌ ዕድሜ ልኩን የሚደግመው፣ በሞተም ሰው ላይ የሚነበብ ነው። አንድ ሰው ገና ሳያስብ አፉን የሚፈታበት ቋንቋ ነው ማለት ይቻላል። በመዝሙራቱ ውስጥም ምስጋናና ሙግት ጎን ለጎን ናቸው፤ ጻድቁ «ለምን ተውኸኝ» እያለ እግዚአብሔርን ይከስሳል፤ የኃጥኣንን መበልጸግ አይቶ ሊሰናከል ምንም ያህል እንዳልቀረው ይናገራል። ይህን የሚደግም ሕፃን ሳያውቀው አንድ ነገር ይማራል፤ በእግዚአብሔር ላይ የሚነሣ ክስ ለእግዚአብሔር ራሱ ሊነገር እንደሚችል ይማራል።

የዋሻው ጥያቄ የሚነሣው በዚህ ልማድ ውስጥ ነው። ወርቄ ከጸሎቱ መካከል ቆም ብሎ «የምጸልየው ወደ ማን ነው? የሚሰማኝስ አለን?» ወደሚል አሳብ ይደርሳል። መልሱን የሚጀምረው ከውጭ ባመጣው ትምህርት አይደለም፤ ጆሮን የፈጠረ እንዴት አይሰማም ወደሚለው የዳዊት አሳብ ተመልሶ እርሱን እንደ ሙግት መፈተሽ ይጀምራል። ጆሮዬን የሰጠኝ ማን ነው? ልቡናን ለእኔ የሰጠ እርሱ ልቡና የለውምን? እያለ ይቀጥላል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የሙግቱ ጥንካሬ አይደለም፤ ሙግቱ ለነገረ መለኮት ተማሪ አዲስ አይደለም። የሚያስደንቀው የአነጋገሩ አቅጣጫ ነው። ሰውየው ስለ እግዚአብሔር ሲጠይቅ ቆይቶ መልሶ ወደ እግዚአብሔር ይናገራል፤ ያስተውል ዘንድ ጥበብን ከዚያው ከሚጠራጠርበት ይለምናል። ጥርጥሩ ጸሎቱን አላቋረጠበትም፤ የጸሎቱ ክፍል ሆነ እንጂ።

ሁለተኛው ምንጭ ትርጓሜ ነው። በአንድምታ ጉባኤ ያለፈ ሰው እንደሚያውቀው መምህሩ አንዱን ቃል አንሥቶ አንድ ፍቺ ይሰጣል፣ ከዚያም «አንድም» ብሎ ሌላ፣ አሁንም «አንድም» ብሎ ሦስተኛ ይጨምራል። ሁሉም ጊዜ አንዱን መርጦ ሌላውን አይጥልም፤ ፍቺዎቹ ተደርድረው ይቆያሉ። ይህ በሥርዐት የተፈቀደ ብዝኀነት ነው። ወርቄ በአክሱም ሲያስተምር ያደረገውን ሐተታው ሲነግረን፣ በዚህ ቦታ ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ፣ በዚህ ቦታ ግብጻውያን እንዲህ ይላሉ እያለ ያስተምር እንደ ነበረና የትኛው እውነት እንደሆነ ከመናገር ይቆጠብ እንደ ነበረ ይተርካል። ሁለቱም ወገኖች ጠሉት። እኔ ይህን ሳነብ የማየው «አንድም»ን ከገጹ ወደ ጎራው ያሻገረ መምህር ነው። በአንድ ጥቅስ ውስጥ ሁለት አሳብ እንዲያድሩ የፈቀደ ልማድ በአንድ ሀገር ውስጥ ሁለት አሳብ እንዲያድሩ አልፈቀደም። ወርቄ ያጠፋው ጥፋት ቢኖር ይህን ወሰን አለማክበሩ ነው።

እንግዲህ መጽሐፉን «የአእምሮ ዐመፅ በእምነት ላይ» አድርጎ ማንበብ ግማሹን ትቶ ማንበብ ነው። ሊቁ ክሎድ ሰምነር ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ባሳተሟቸው አምስት ቅጾች ሐተታውን ለዓለም አስተዋውቀዋል፤ ውለታቸው ትልቅ ነው። ነገር ግን ከዴካርት ጋር ያደረጉት ንጽጽር ከእርሳቸው በኋላ በኛ መካከል ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ንጽጽሩ የማስረጃ ወረቀት ሆነ፤ «እኛም በዘመኑ ነበረን» የሚያሰኝ። ዴካርት መጽሐፉን ያወጣው በ1637 ነው፣ ሐተታው የተጻፈው በ1667 ነው፣ እንግዲህ በአውሮፓ ብርሃን ሲወጣ በእንፍራዝም ወጥቶ ነበር የሚል ትረካ ተበጀ። የዴካርት ጥርጥር ግን ሆን ተብሎ የተመረጠ ዘዴ ነው፤ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ሃይማኖቱንና የሀገሩን ሕግ ለጊዜው እንዳለ ትቶ የጀመረው ነው። (እርሱም ቢሆን በ1633 ጋሊሌዎ መፈረዱን ሲሰማ የተዘጋጀ መጽሐፉን ከማሳተም እንደ ታቀበ መርሳት አይገባም፤ ፍርሃት የኛ ብቻ አልነበረም።) የወርቄን ጥርጥር ግን የመረጠው ወርቄ አይደለም። የመጣበት በሁለት ሃይማኖቶች ሰይፍ መካከል ነው። ቴዎድሮስ ኪሮስ በ2005 ባወጡት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የወርቄን አእምሮ የልብ አእምሮ ብለው መሰየማቸው ከዴካርት ንጽጽር ይልቅ ለነገሩ የቀረበ ነው፤ «ልቡና» ከ«ልብ» የወጣ ቃል ነውና። እርሳቸውም ቢሆኑ ልቡ የሚጸልይ ልብ መሆኑን የሚገባውን ያህል አላቆሙበትም።

ስለ ደራሲው ክርክር የምለው ለዚሁ አሳብ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው። የእጅ ጽሑፉ ከጁስቶ ዳ ኡርቢኖ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት በኢትዮጵያ ከነበረው የካፑቺን ሚስዮናዊ ለአንቷን ዳባዲ መላኩ የታወቀ ነው፤ ቅጂዎቹም በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ሊትማን በ1904 አሳተመው። ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 መጽሐፉ የራሱ የመነኩሴው ድርሰት ነው ሲሉ ተነሡ፤ ሚትቮኽ በ1934 አጸኑላቸው። ሰምነርና አለማየሁ ሞገስ ለኢትዮጵያዊው ተከራከሩ። አናይስ ዊዮን በ2013 የኮንቲ ሮሲኒን ወገን በአዲስ ማስረጃ አጠናከሩ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ግን፣ ቀድሞ ሐሰተኛ ነው ካሉት ወገን ሆነው ሳሉ፣ በኋለኛ ዘመናቸው የወርቄ ድርሰት መሆኑን ወደ መቀበል ተመልሰዋል። እንዲህ ያለ ሊቅ ለአሥርት ዓመታት የያዘውን አሳብ በይፋ ሲለውጥ ማየት በኛ የጥናት ዓለም የተለመደ ነገር አይደለም።

እኔ በዚህ ክርክር ዳኛ አልሆንም። ግን አንድ ነገር ያስገርመኛል። ወርቄ ጽፎት ከሆነ፣ በሕይወቱ ሳለ ለጎረቤቶቹ ክርስቲያን መስሎ ይታይ እንደ ነበረና በልቡ ግን ሌላ ያምን እንደ ነበረ የተናዘዘ ሰው ጽፎታል ማለት ነው። ዳ ኡርቢኖ ጽፎት ከሆነ ደግሞ፣ በስእለት የታሰረ መነኩሴ፣ ከሀገሩ ርቆ፣ በገዛ ስሙ ሊለው ያልቻለውን በሌላ ሰው ስም፣ በሌላ ሕዝብ የጸሎት ቋንቋ አለው ማለት ነው፤ የመጀመሪያ ስሙ ያቆፖ፣ ማለትም ያዕቆብ፣ መሆኑንም የሐሰት ደራሲነት ተከራካሪዎች ልብ ብለውታል። በሁለቱም መንገድ የምናገኘው ጥርጥሩን በገዛ አፉ መናገር ያልቻለ ክርስቲያን ነው። ለሀገር ኩራት የደራሲው ዜግነት ወሳኝ ሊሆን ይችላል። ለእምነትና ለጥርጥር ጥያቄ ግን ከዚህ የሚበልጠው ጭምብሉ ነው፤ ጭምብሉም በሁለቱም ፊት ላይ አለ።

ከመናፍቅነት ክስ በስተጀርባ ሁልጊዜ ጥርጥር አለ ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው፤ በዚህ ረገድ ከሐተታው ሁለት መቶ ዓመት የሚቀድሙት ደቂቀ እስጢፋኖስ ጥሩ ማነጻጸሪያ ናቸው። ስማቸው ከፈላስፋው ጋር አንድ በሆነው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ለንጉሡና ለሥዕል አንሰግድም ያሉት እነዚህ መነኮሳት ተገረፉ፣ ተሰደዱ፣ ተገደሉ። ጌታቸው ኃይሌ ገድላቸውን «በሕግ አምላክ» ብለው ወደ አማርኛ በመለሱበት መጽሐፍ የምናገኛቸው ሰዎች በጭራሽ የሚያመነቱ አይደሉም። እንዲያውም እርግጠኝነታቸው ከከሳሾቻቸው ይበልጣል። መናፍቅ የተባሉት ልባቸው ስለ ተከፈለ ሳይሆን ስላልተከፈለ ነው። ቃሉ አንድ ስለሆነ ግን በታሪካችን ውስጥ እነርሱና ወርቄ በአንድ መዝገብ ተጻፉ፤ ከዚያም በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የነበርን ተማሪዎች ሁለቱንም «ተራማጅ» ብለን በአንድ ላይ አነሣናቸው። እስጢፋኖሳውያን ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር የሚለውን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

አሁን ወደ ሐተታው ድክመት እመጣለሁ። መጽሐፉ ሙሴን ይጠይቃል፣ የመሐመድን ሕግ ይጠይቃል፣ ጾምንና ምንኩስናን ይተቻል፤ ሰዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን ሳይመረምሩ እንደሚያምኑም ይናገራል። ይህ ሁሉ ሹል ነው። አንዱን ነገር ግን ፈጽሞ አይጠይቅም፤ በቀና መንገድ የሚሄድ ሰው በመጨረሻ ይሳካለታል የሚለውን። ከዋሻው በኋላ ያለው ትረካ ሥራ፣ ቤት፣ ሚስት፣ ልጅ፣ በቂ ሀብት የተገኘበት ነው፤ ተራኪውም ይህን ሁሉ እግዚአብሔር ጸሎቱን ለመስማቱ ምስክር አድርጎ ያቀርበዋል። በዋሻው አጠገብ ያልዳነው ማን ነበር? በሱስንዮስና በተቃዋሚዎቻቸው ጦርነት ያለቁት ገበሬዎችስ ጸሎታቸው ለምን አልተሰማም? ይህን ጥያቄ ሐተታው አያነሣም። ልቡና የተባለው ብርሃን አንድ ጊዜ ከተገኘ በኋላ በራሱ ላይ አይበራም።

ከዚህ አንጻር ስናየው ጥልቁ የጥርጥር መጽሐፍ ሐተታው አይደለም፤ ወርቄ ዘወትር ይማረው በነበረው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለው ኢዮብ ነው። ኢዮብ በፈጣሪ መኖር አልተጠራጠረም፤ የተጠራጠረው በፈጣሪ ፍርድ ነው፤ ያውም በፊቱ። ወዳጆቹ ለእግዚአብሔር ጠበቃ ሆነው ሲሟገቱ፣ በመጨረሻ የተወቀሱት እነርሱ ናቸው፤ ቅን ነገር ተናገረ የተባለው ከሳሹ ኢዮብ ነው። ይህን ፍርድ በቅዱስ መጽሐፉ ውስጥ ያስቀመጠ ሃይማኖት የሚጠራጠረውን ሰው መፍራቱ ያስገርማል።

ወንጌሉም ቢሆን ከዚህ አይርቅም። ልጁን ይዞ የመጣው አባት እምነቱንና አለማመኑን በአንድ ትንፋሽ ተናግሮ ልጁ ዳነለት። ቶማስ ቁስሉን ካልዳሰስኩ አላምንም አለ፤ ከጉባኤው ግን አልተባረረም፣ በሚቀጥለው እሑድ ከወንድሞቹ ጋር ነበረ፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ያን እሑድ ዳግም ትንሣኤ ብላ ታከብረዋለች። እንግዲህ የተጠራጣሪው ቀን በዓል ነው። የትርጓሜ ታሪክ ግን ሁልጊዜ እንዲህ ቸር አልነበረም። ዮሐንስ መጥምቅ ከእስር ቤት ሆኖ የሚመጣው አንተ ነህን ወይስ ሌላ እንጠብቅ ብሎ ሲልክ፣ ከዮሐንስ አፈወርቅ ወዲህ የተለመደው ፍቺ መጥምቁ ለራሱ አልጠየቀም፣ ደቀ መዛሙርቱ እንዲያምኑ ብሎ ነው የሚል ነው። ፍቺው በአክብሮት የተሠራ ነው። ነገር ግን የእስር ቤቱን ጨለማ ከመጥምቁ ይወስድበታል፤ እስረኛ ሆኖ የሚጠይቅን ሰውም ከቅዱሳን ተራ ያስወጣዋል። ሐተታው ከእነዚህ ስፍራዎች አንዱንም አያነሣም። ክርስትናን የሚፈትሸው በሕግጋቱ በኩል ነው እንጂ በመስቀሉ በኩል አይደለም፤ ለዚህም ይመስለኛል ከክርስትና ጋር ያለው ክርክር ሹል ሆኖ ሳለ ወደ መካከሉ የማይደርሰው።

ይህ ሁሉ ለኛ፣ በውጭ ሀገር ለምንገኝ ምሁራን፣ የሩቅ ታሪክ ጉዳይ አይደለም። ከ1974 በፊትና በኋላ የእኔ ትውልድ ከቤተ ክርስቲያን ወጣ ሲባል ብዙ ጊዜ በጥርጥር እንደ ወጣ ተደርጎ ይነገራል። እኔ ይህን አልቀበልም። ብዙዎቻችን አልተጠራጠርንም፤ አንዱን የሃይማኖት ትምህርት ዘግተን ሌላውን ከፈትን። የቀይ መጻሕፍቱን ጥቅስ የምናጠናበት መንገድ ዳዊት ካጠናንበት የባሰ እንጂ የተሻለ አልነበረም፤ «አንድም» የሚል እንኳ አልነበረበትም። በስደት ላይ ስንመለስም እንዲሁ ነው የተመለስነው። ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ በ1991 ከመንበራቸው ከተለዩ በኋላ ቤተ ክርስቲያን በሁለት ሲኖዶስ ተከፍላ፣ በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ያሉት አጥቢያዎች ከሩብ ምእት ዓመት በላይ በዚያ ክፍፍል ኖሩ፤ ዕርቁ የተፈጸመው በ2018 በዋሽንግተን ነው። በነዚያ ዓመታት የምእመናን የመጀመሪያ ጥያቄ «አንተ የየትኛው ነህ?» የሚል ነበር። ወርቄ በአክሱም እንዳደረገው እዚህ እንዲህ ይላሉ፣ እዚያ እንዲህ ይላሉ ብሎ ሁለቱንም በጨዋነት የሚዘረዝር ሰው በሁለቱም ዘንድ ይጠረጠር ነበር። ተሳልሞ ቆሞ፣ በልቡ ግን «የሚሰማኝ አለን?» የሚል ሰው በዚያ መካከል ጥያቄውን ለማን ይናገር ነበር? ለንስሓ አባቱ ቢናገር ኑፋቄ ነው፤ ለማኅበሩ ወዳጆቹ ቢናገር ኋላ ቀርነት ነው።

ወርቄ ለዚህ ጥያቄ ያገኘው መልስ ጠባብ ነበር። ለሀብቱ አልነገረውም፤ ለእንፍራዝ ካህናትም አልነገራቸውም። ስልሳ ስምንት ዓመት ሲሞላው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ያስተማረው ወልደ ሕይወት የምታምነውን ጻፍልኝ ብሎ ስለ ለመነው ጻፈ። ወልደ ሕይወትም የመምህሩን ዕረፍት ከመጽሐፉ መጨረሻ ጨምሮ፣ ኋላ የራሱን ሐተታ አከለበት፤ የእርሱ ግን ከምርመራው ይልቅ ምክሩ ይበዛል፣ ድምፁም የዋሻ ድምፅ ሳይሆን የቤተሰብ አባት ድምፅ ነው። በእንፍራዝ ከነበሩት መካከል እንደ መምህሩ በዳዊታቸው ፊት ቆም ብለው የጠየቁ ስንት እንደ ነበሩ አንዱም ሐተታ አይነግረንም። የጠየቀ ተማሪ አንድ ብቻ ነበርና።